ሁለት ሚሊግራም

የቲሳ ወንዝ ጭጋግ ሴጌድን አልብሷት፣
ዦምቦር ወደ ምድር ቤት ወረደ በጠዋት።
በደረት ኪሱ ውስጥ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ፣
መኖሯን ሊያረጋግጥ ደጋግሞ ሲዳስስ።
ነጭ ዱቄት ነበር፣ ሦስት ዓመት የፈጀ፣
ለሚጥል በሽታ ፈውስ ይሆን ዘንድ የተበጀ።
“ሌላው መሣሪያ ሁሉ አልፏል ብሎኛል፤
እሳት ብቻ ቀረኝ፣ ዛሬ ይገላግለኛል።”

ሻሮልታ ባንሄጂ መነጽሯን ወለወለች፣
ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ልፋት ስታነድ የኖረች።
መጀመሪያ የምታውቀውን ታነዳለች ሁሌ፣
እሳቱ እንዳይዋሻት፤ ይኼ ነው ያስተማረችኝ ቃሌ።
ሚዛኑ የቆመው በድንጋይ ጠረጴዛ ላይ ነው፣
አንድ ሰው ቢያስነጥስ ግማሽ ቀን የሚያናውጠው።
“አትተንፍሱ” አለች፤ እኔም አፌን ያዝኩኝ፣
የጋዝ ሲሊንደር ተሸካሚ፣ ረዳቷ ነበርኩኝ።
ሁለት ሚሊግራም፣ ከጨው ቅንጣት ያነሰ፣
ስስ ቆርቆሮ ታጥፎለት እንደ ከፈን ለበሰ።

ከዚያ ወደ ምድጃው። ሺህ ዲግሪ ሙቀት፣
ኦክስጅን ሲነፋበት፣
ብልጭ።
ካርቦኑ ጋዝ ሆነ፣ ሃይድሮጅኑ እንፋሎት፣
ናይትሮጅኑም ወጣ ለብቻው፣ ያለ ጓደኛ፣ ያለ ጩኸት።
በእሳት የተፈተነ ወርቅ ይቀራል ይባላል፤
እዚህ ግን የሚቀር የለም፣ ፈተናው ተፈታኙን ይበላል።

ቁጥሩ ወጣ። ካርቦን ጎደለ፣
አንድ ነጥብ ሦስት። ዦምቦር ወንበር ስቦ ዝም አለ።
የሚፈቀደው ጉድለት ዜሮ ነጥብ አራት ነው፤
ይህን አላጣውም፣ መጽሔቱ እየጠበቀው።
“ወይዘሮ ሻሮልታ፣ ዜሮ ነጥብ ሦስት ብለው ቢጽፉትስ?
ማን ሊያየው ነው?” አለ፣ ድምፁ ቅስስ።

አልተቆጣችም። ጣቷን ሃይድሮጅኑ ላይ አሳረፈች፤
“ካርቦን ጎድሎ ይህ ከበዛ፣ ውሃ ነው” አለች።
“እንግዲያ ቀመሩ ላይ ግማሽ ውሃ ልደምር?
ይገጥማል!”
“ይገጥማል። ቁጥር ይገጥም ተብሎ ግን ውሃ አይፈጠር።
አይተህ ጻፈው እንጂ፣ ጽፈህ አትየው።
ሂድና አድርቀው።”

ሦስት ቀን በቫኪዩም ደረቀ። እንደገና ነደደ።
ውሃው ለቋል፤ አሁን ግን ሁሉም በየልኩ ወረደ፣
ካርቦኑም፣ ሃይድሮጅኑም፣ ናይትሮጅኑም፣
አንድ ሌባ ከሦስት ኪስ የሰረቀ ያህል፣ ሳያዳላ ለማንም።
ሻሮልታ ምድጃው ሲበርድ አመዱን አውጥታ፣
በማጉያው ስር ነጭ ቅንጣት አየች፣ በሺህ ዲግሪ ያልተረታ።
አሸዋ! የማጣሪያው ቱቦ የሞላው ሲሊካ፤
ያጠራው ነው ያጎደፈው ለካ!

ዦምቦር ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ተቋረጠ፣
አሟሙቶ፣ አቀዝቅዞ ሲያጠራው ሲሶው ከእጁ አመለጠ።
የሦስት ዓመት ሲሶ ስንት እንደሆነ በልቤ ቆጠርኩ፣
አፍ አውጥቼ ግን አልተናገርኩ።

ሦስተኛው የነደደ ዕለት ጭጋጉ ተገፎ ነበር።
ካርቦን በዜሮ ነጥብ አንድ ቀረበ፤ አበቃ ክርክር።
እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤
የጠራ ዕለት ብቻ በስሙ ይጠራል።

ሻሮልታ የፊተኞቹን ሁለት መስመሮች አልሰረዘችም፤
ሦስቱም መዝገቡ ላይ አሉ፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ቀለም።
“ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ንጹሕ ነው?” ብዬ ጠየቅኳት ማታ፤
ጋዙን ዘግታ፣ ጓንቷን አውልቃ፣ ትንሽ ቆይታ፣
“ያ የተቃጠለው ንጹሕ ነበር፤ እሱን አውቀዋለሁ።
የቀረውን” አለች፣ “በምስክርነቱ አምነዋለሁ።”

መስኮታችን ከመንገዱ በታች ነውና የዦምቦርን ጫማ ብቻ አየሁት፤
ትራሙ ደርሶ ሰው ሲሮጥ፣ እሱ አልሮጠም፣ ትራሙም አለፈው፣
እስከ አፉ የሞላ ብርጭቆ እንደያዘ ሰው።